ከሀ እስከ ነ

«‹አፏን ከፍታ የተኛች ሴት› እኔ ነኝ?»

«እትዬ፣ ስም አልጻፍኩም እኮ።»

«ፎቶው የማን ነው?»

«ፎቶውማ የርስዎ ነው። እኔ የሚታየውን ነው የጻፍኩት። አፍ ተከፍቷል፣ ዓይን ተከድኗል፣ ፊት ለፊት ሰውዬው ንግግር ያደርጋል። ታዲያ ምን ልበል? ‹በጥሞና ስታዳምጥ› ልበል?»

የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር መነጽሯን አወለቀች። እሷ መነጽር ካወለቀች አንድ ሰው ሊያለቅስ ነው ማለት እንደሆነ ከዘበኛው እስከ ፀሐፊዋ ሁሉም ያውቃል። ገልባጭም ያውቃል። ግን የገልባጭ አፍ ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ነው የሚወርደው።

«እንዲህ ያለ ጉድ ስንት ጽፈሃል?»

«ትንሽ ነው።»

«ስንት?»

«ሁለት ሺህ... ከምናምን።»

ዳይሬክተሯ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ገልባጭ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ሥራው ያወጣለት ነው። ምድር ቤት ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለበጠ ስካነር ላይ ያስተኛል፤ የድሮ ፎቶ፣ ካሴትና ፊልም ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። በዚያ ላይ ትከሻው ከመስፋቱ የተነሣ በር ላይ ሲቆም መብራት ስለሚጋርድ፣ አሸዋ የሚያራግፈውን መኪና ያስታውሳል። ስሙ በሁለቱም በኩል ልኩ ሆነ፤ እሱም ቅር አላለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታል ሊሆን ነው ተባለ። ሰው ቤቱ ጋደም ብሎ ስልኩ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ከምድር ቤት ያለው ፎቶ፣ ድምፅ፣ ፊልም፣ መጽሐፍ ተግተልትሎ ይመጣለታል። ሐሳቡ ይሄ ነው። ችግሩ ግን ፎቶ አፍ የለውም። ካሴትም ሆዱ ውስጥ ያለውን ለኮምፒውተር ሄዶ አይናገርም። ስለዚህ ሰው ተቀምጦ ለእያንዳንዷ ነገር «ቁልፍ ቃል» የሚባለውን መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስት ቁልፍ ቃል ካልተሞላ አላስቀምጥም ብሎ ድርቅ እንዲል አድርጎታል።

ይሄን ቁልፍ ቃል መጻፍ የካታሎግ ክፍሉ ኃላፊ ሥራ ነበር። ሰውዬውን «ሊቁ» ይሉታል። ሦስት ዲፕሎማ በመስተዋት አሠርቶ ከጀርባው ሰቅሏል፤ ሰው ሲያናግረው ወንበሩን ትንሽ ገለል ያደርጋል፣ ዲፕሎማዎቹ እንዳይጋረዱ። ሊቁ ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ መላ አገኘ። ለፎቶ ሁሉ «ፎቶ፣ ምስል፣ ሥዕል» ብሎ ሞላ። ለካሴት ሁሉ «ድምፅ፣ ካሴት፣ ድምፅ ያለበት ካሴት» ብሎ ሞላ። በቃ፣ ፕሮግራሙ ሦስት ቃል ነው ያለው፣ ሦስት ቃል አገኘ። ሊቁ በአራት ወር አሥራ ሁለት ሺህ ፎቶ ጨርሶ የምስጋና ወረቀት ወሰደ። እሱም ተሰቀለ።

ገልባጭ ግን አንድ ቀን በረንዳ ላይ የወጣ በግ ፎቶ አየ። በጉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ እንደ አከራይ ሰፈሩን ቁልቁል ይመለከታል። ገልባጭ በሳቅ ፈረሰ። ለጓደኛው ላሳየው ብሎ በማግሥቱ ቢፈልገው፣ «ፎቶ» ሲል አሥራ ሁለት ሺህ፣ «ምስል» ሲል አሥራ ሁለት ሺህ፣ «ሥዕል» ሲል እንደዚያው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያገላብጥ ዓይኑ ደም መሰለ። በጉን ሲያገኘው ከሥሩ «በግ፣ በረንዳ፣ ኩራት» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው የተወው፤ ጻፍ ያለው ሰውም የለም። እሱ ግን ስካነር ላይ ያስተኛትን ሁሉ ያየውን እየጻፈ ያስነሣታል። «ጫማው ተፈቶ ንግግር የሚያደርግ»፣ «ሦስት ሐሜተኛ የሚመስሉ ሴቶች»፣ «ሙሽራው ሌላ ሴት እያየ ነው»።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ምክትሉ።»

«ምክትል ኃላፊው። ከዋናው መሥሪያ ቤት። ይሄ ፕሮጀክት ይቀጥል፣ ይዘጋ የሚለው እሱ ነው። እዚያ ትልቁ ስክሪን ላይ እኔ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል ስጽፍ ‹ሆዱ ቁልፍ የበጠሰበት› የሚል ቢወጣ ምን ይውጠኛል?»

«እሷ እኮ ቆንጆ ፎቶ...»

«ዝም በል። አሁን ወርደህ፣ የጻፍካቸውን አንድ በአንድ ታጠፋለህ። አንድ ሳታስቀር። ከስምንት ሰዓት በፊት።» መሳቢያዋን ስባ አንድ ወረቀት አወጣችና በሁለት ጣት እንደ ሞተ አይጥ ጭራ ያዘችው። «ይሄን ታየዋለህ?»

ገልባጭ አየው። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤው ነው። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ ሁሉ አለ። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ኮንትራቱ ደግሞ ዛሬ ማታ ያልቃል።

«አንድ ቃል ቀርታ ካየሁ» አለች፣ «በፊርማ ፋንታ እቀደዋለሁ።»

ገልባጭ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ምድር ቤት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«አንተ፣ ተፈረመልህ?»

«ሊፈረም ነው።»

«ይሄን ‹ሊ› የሚሉት ነገር ተወኝ። ባሌ ሜትር ይዞ ሶፋውን ሲለካ ነው ያደረው። ወንድምሽ ይውጣልኝና እዚያ ጋ ቴሌቪዥኑን አደርጋለሁ ይላል።»

«ሶፋው ላይ እኮ እኔ ተኝቼ ነበር።»

«ተኝተህ ነዋ የለካው። እግርህን እንደ ትራስ ገለል አድርጎ።»

የእህቱ ባል መጥፎ ሰው አይደለም። ዘጠኝ ወር ታግሷል። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥራህ ቋሚ ሳይሆን እንቅልፍህ እዚህ ቤት ቋሚ አይሆንም።» ዛሬ ማታ ደብዳቤ ይዞ ካልገባ፣ ነገ ሻንጣውን ይዞ ወደ አጎቱ ዘንድ መሄዱ ነው። አጎቱ የሲሚንቶ መጋዘን ነው ያለው። ይሄን ትከሻ ካየ ጀምሮ «ና እንጂ፣ ና እንጂ» እያለ ነው።

«እህቴ፣ ማታ ይዤው እመጣለሁ።»

«ባትይዘው መንገድ ላይ ደውልልኝ። እራት ሳልሠራ ልወቀው» አለችና ዘጋችው።

ፕሮግራሙ ቁልፍ ቃሎቹን ሁሉ በአንድ ዝርዝር፣ በሀሁ ተራ ደርድሮ ያስቀምጣል። አንዷን ቃል ከዚያ ሲያጠፏት ካለችበት ፎቶና ካሴት ሁሉ ጠፍታ ትሄዳለች። ገልባጭ ከሀ ጀመረ። «ሆዱ ቁልፍ የበጠሰበት»። አጥፋ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» አለው።

«አይደለሁም» አለና «አዎ» የሚለውን ተጫነ።

የሊቁን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ የራሱን ግን አልማረም። «ለቅሶ ላይ የሚስቅ» ሄደ። «መላጣ» ሄደ፤ ሠላሳ ሰባት መላጣ በአንድ ጣት ጠጉር እንዳበቀለ ሰው ተሰወረ። «ሚስቱን የሚፈራ» ሄደ። እያንዳንዷን ሲያጠፋ ፎቶዋ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁሉንም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። አማት እንኳ እንዲህ አትጠይቅም። አራት ሰዓት ላይ «ሰካራም ከነጃንጥላው»ን አሰናበተ። «በግ» ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ውኃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነ። ምሳ አልበላም። «ተማሪ»፣ «ትምህርት ቤት»፣ «ቱቦ»፣ «ቸኩሎ ሸሚዙን የገለበጠ»፣ «ነገረኛ ፊት»። ‹ነ›ን ጨርሶ ‹ኘ› ላይ ደረሰ። በኘ የሚጀምር ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም፤ እፎይ አለ። ወደ አ ሊሻገር ሲል ግን ከላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ወዲያው ፀሐፊዋ በደረጃው ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ «ገልባጭ፣ ኬብሉን ይዘህ ና፣ ደርሰዋል» አለችው።

ስምንት ሰዓት አልሞላም። ሰውዬው ሩብ ጉዳይ ላይ ነው የመጣው። ትልቅ ሰው ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፤ ለምን ቀደምክ አይባልም።

ገልባጭ ኬብሉን ተሸክሞ ወጣ። ከሀ እስከ ነ ንጹሕ ነው። ከአ እስከ ፐ ግን ሁሉም ጉድ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ምክትሉ ረጅም፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሲናገር ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ብቻውን አልመጣም። እናቱን ይዟል። ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስላላቸው፣ ከዚህ ሲወጣ ሊያደርሳቸው ነው። አሮጊቷ ከትልቁ ስክሪን ፊት ለፊት፣ ለክብር እንግዳ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ማንንም ሳይጠይቁ ተቀመጡ። ምክትሉ ከጎናቸው ቆመ። ሠራተኛው በሙሉ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሊቁ ከፊት፣ በከረባት።

ዳይሬክተሯ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠች። ወደ ገልባጭ አየች። ዓይኗ «ጨረስክ?» ይላል። ገልባጭ ኬብሉን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ።

«ክቡር ምክትል፣ የፈለጉትን ይዘዙን» አለች።

«እንግዲያውስ» አለ ምክትሉ፣ «እኔ እዚሁ ከተማ ነው የተማርኩት። ሦስተኛ ክፍል ሆነን ደረጃ ላይ ተደርድረን የተነሣነው ፎቶ ነበር። ቤት የነበረው ጣሪያ አፍስሶበት ተበላሸ። እማዬ እስካሁን ታነሣዋለች። እስቲ እሱን አውጡልን።»

ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ «ተማሪ» ብላ ጻፈች።

ስክሪኑ «ምንም አልተገኘም» አለ።

«ትምህርት ቤት» ብላ ጻፈች። ምንም አልተገኘም። «ሕፃናት»። ምንም። ገልባጭ ከኋላ ሆኖ ከንፈሩን ነከሰ። ሦስቱንም በገዛ ጣቱ ነው የቀበራቸው።

«ማሽኑ እየሞቀ ነው» አለ ሊቁ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «‹ፎቶ› ቢሉት ይሻላል።»

«ፎቶ» ሲባል አሥራ ሁለት ሺህ መጣ። ፎቶ አንድ፣ ፎቶ ሁለት፣ ፎቶ ሦስት። ዳይሬክተሯ ገጹን ወደታች ሳበችው። ሳበችው። አሁንም ሳበችው። ምክትሉ ሰዓቱን አየ።

እናትየው ግን አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ የሚቀርባቸውን ሰው ጠየቁ። የሚቀርባቸው ገልባጭ ነው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ነገር ሰው የሚፈለገው እንዴት ነው?»

«ፎቶው ላይ የሚታየውን መጥራት ነው እማማ።»

«በስሙ?»

«ማሽኑ ስም አያውቅም። መልኩን፣ አኳኋኑን ነው። ሲያዩት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባውን።»

«እንደሱ አትሉም ታዲያ» አሉና ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «ልጄ፣ አፍንጫ በዪ።»

«እማዬ» አለ ምክትሉ።

«አፍንጫ በዪ አልኩሽ።»

ዳይሬክተሯ እንደማይኖር እርግጠኛ ናት። ሁሉንም አጥፋ ብላለች፣ እሱም አጥፍቷል። በሙሉ ልብ «አፍንጫ» ብላ ጻፈች።

አሥራ አንድ ፎቶ ወጣ። አራተኛው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ደረጃ ላይ ተደርድረዋል። ከሥሩ በትልቁ ስክሪን፣ ከአዳራሹ መጨረሻ በሚነበብ ፊደል «አፍንጫውን የሚጎረጉር ልጅ፣ ሁለተኛ ረድፍ፣ ጣቱ እስከ ክርኑ ሊገባ ትንሽ የቀረው» ይላል።

ፀሐፊዋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዘበኛው የሌለ ሳል ሳለ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ለማውለቅ እጇን ሰደደች፤ ግን መነጽሩን ቀደም ብላ አውልቃው ስለነበር የገዛ አፍንጫዋን ያዘች፣ ደንግጣም ቶሎ ለቀቀችው።

«ይኸው» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ቀጠነ። «ይኸው የኔ ልጅ። እስከ አሥራ አራት ዓመቱ አልተወም እኮ። በርበሬ ቀብቼለት አልተወም።» ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ሄዱና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ልጅ በመዳፋቸው ዳበሱት። ስክሪኑ ተወዛወዘ። «ማን ነው ይሄን ያገኘ? ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

ገልባጭ ኬብሉን ተመለከተ። ኬብሉ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

ሊቁ ግን የአሮጊቷን እንባ አየ፤ እንባውን አይቶ ምስጋና ሸተተው። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ግድግዳው ላይ ለአምስተኛ ወረቀት ቦታ አለ።

«እማማ፣ የቁልፍ ቃሉን ሥርዓት የነደፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጥልቅ ጥናት ነው ያደረግነው።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተባረክ። በል እንግዲህ ባለቤቴን አውጣልኝ።»

«አቤት?»

«ባለቤቴን። የልጄን አባት። የምክር ቤቱ አዳራሽ ዘበኛ ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሱም እዚህ ውስጥ አይጠፋም።»

ሊቁ ዳይሬክተሯን አስነሥቶ ተቀመጠ። ከረባቱን አላላ። «ግለሰብ» ብሎ ጻፈ። ምንም። «ወንድ»። ምንም። ላቡ ከጆሮው ሥር ጀመረው። ሌላ ቃል ቢጠፋው «ምስል» ብሎ ተጫነ። አሥራ ሁለት ሺህ ወጣ።

አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄን ሁሉ ባል አላገባሁም» አሉ።

አሁን ሳቁ አመለጠ። ምክትሉ ሲዞር ሁሉም መልሶ ዋጠው።

ገልባጭ አሰበ። አስቦም አያውቅ፣ ያን ቀን ግን አሰበ። ዝም ቢል ሊቁ በራሱ ገመድ ይታነቃል፤ ለአፍንጫውም ተጠያቂው ሊቁ ይሆናል፤ ደብዳቤው ይፈረማል፤ ሶፋው ሶፋ ይሆናል። አፉን ከከፈተ ሲሚንቶ ነው። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር። ግን አሮጊቷ ያንን ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው ከፎቶ አንድ ጀምረው ማየት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ ሁለት ሺውን ሊያዩ ነው። ደግሞስ፣ የሚያውቁትን ነገር በሆድ መያዝ ሽንት እንደመያዝ ነው፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው።

«እማማ» አለ ገልባጭ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«መላጣ» አሉ ወዲያው። «ዝንብ ያንሸራትት ነበር።»

ገልባጭ ሄዶ ሊቁን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቆሞ «መላጣ» ብሎ ጻፈ። ምንም አልተገኘም። እሱም ያውቀዋል፤ ግን ይሄን አዳራሹ ሁሉ እንዲያየው ፈልጓል።

«መላጣ ነበረን» አለ። «ሠላሳ ሰባት ነበረን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋኋቸው። ተማሪዎቹንም።»

«ለምን?» አለ ምክትሉ።

ገልባጭ ጣሪያውን አየ። ምክትሉ ዳይሬክተሯን አየ። ዳይሬክተሯ ሊቁን አየች። ሊቁ የሚያየው ሰው ቢያጣ የራሱን ጫማ አየ።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ ማለት ነው? ያንን የ... ያንን ጽሑፍ?» አለ ምክትሉ፣ በአገጩ ወደ ስክሪኑ እያመለከተ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ግን እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም። ባውቅ ‹እስከ ክርኑ› የሚለውን እተወው ነበር።»

«ወሬ አታብዙብኝ» አሉ እናትየው። «መላጣው ከሌለ ሌላ ጠይቀኝ።»

«ሌላ ምን ነበራቸው እማማ?»

«ሌላማ ምን ነበረው» አሉ። «ዝምተኛ ነው። በቀን አሥር ቃል አይናገርም። ሌሊት ግን ያንኮራፋል። ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ቁጭ ካለ ያንኮራፋል። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ሲሆን ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ስንት ጊዜ ተከሷል።»

የገልባጭ ፊት እንደ መስኮት ተከፈተ። ሁለት ወር ሙሉ ምድር ቤት የገለበጣቸው ካሴቶች የምክር ቤቱ ስብሰባዎች ናቸው። የዋናው ማይክራፎን ገመድ ተበጥሶ ከኋላ ካለው ወንበር አጠገብ በተተከለው ሌላ ማይክራፎን የተቀዱ ካሴቶች ነበሩ። እነሱ ላይ ተሰብሳቢው ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ከቅርብ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ገልባጭ መጀመሪያ ካሴቱ የተበላሸ መስሎት ነበር። በኋላ ሲገባው ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ቃል ጽፎባቸዋል። ቃሉ ደግሞ በ‹የ› ነው የሚጀምረው።

«የሚያንኮራፋ ሰው» ብሎ ጻፈ።

ስድስት ካሴት ወጣ። የመጀመሪያውን ከፈተው።

ከሩቅ አንድ ሰውዬ ስለ ቱቦ መዘጋት ይጨቃጨቃል። ሌላው ቱቦው ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው ይላል። ከዚያ ከቅርብ፣ አዳራሹን በሙሉ እየሞላ፣ እንጨት በመጋዝ ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ መጣ። ይጎትታል፣ ያዝ ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያፏጫል። ዳይሬክተሯ አፏን ያዘች። ዘበኛው የሙያ ባልደረባውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ።

ምክትሉ አልሳቀም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ድምፅ ማጉያውን ነው የሚያየው። ያ የተተኮሰ ፊቱ እንደ ትራስ ልብስ ተጨማደደ።

እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲሰሙ ሲሰሙ ቆይተው፣ ክርናቸውን ወደ ጎን ሰደድ አደረጉና ባዶውን አየር ጎሰም አደረጉት።

«በጎንህ ዙር» አሉ በዝግታ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ካሴቱ ላይ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ሰውየው የዞረ ይመስላል። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ መጋዙ ከበፊቱ ብሶ ተነሣ።

«እንዲሁ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዞረም አልዞረ ያው ነው።»

ምክትሉ ድምፁን አለስልሶ «እማዬ፣ ኮፒ አሠርቼልሽ ቤት ትሰሚዋለሽ?» አላቸው።

«የምን ኮፒ? አርባ ዓመት ሙሉ ዋናውን ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ይልቅ ያንተን ፎቶ አሠሩልኝ። ትልቅ አድርጋችሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው በሹክሹክታ ነው የሆነው። ምክትሉ ዳይሬክተሯን ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ። ገልባጭ ኬብል ሊጠቀልል እዚያው መስኮት ሥር ጎንበስ አለ። ኬብሉ በዚያ በኩል አልነበረም፤ ቢሆንም ጠቀለለ።

«የአፍንጫውን ነገር ማን ማን አይቶታል?» አለ ምክትሉ።

«እዚህ ያለነው ብቻ ነን ክቡርነትዎ። አሁኑኑ ይጠፋል።»

«እማዬ እያለች ማን ያጠፋዋል። ልጁ ቋሚ ነው?»

«ኮንትራቱ ዛሬ ያበቃል። እኔም ዛሬውኑ ላሰናብተው...»

«እንዳትሞክሪው። እንዲህ ያለ አፍ ሜዳ ላይ ተለቆ ከሚዞር እዚህ ቢታሰር ይሻላል። ቋሚ አድርጊው፤ ምድር ቤት አስቀምጪው።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ደግሞ ሌላ ማንም ሰው የአባቴን ድምፅ አላገኘልኝም።»

«ፕሮጀክቱስ ክቡርነትዎ?»

«ይቀጥላል። ግን ያ ከረባት ያደረገው ሰውዬ ቁልፍ ቃል እንዳይነካ።»

እናትና ልጅ ሄዱ። አሮጊቷ በትልቁ የታተመላቸውን ፎቶ ታቅፈው፣ ልጃቸው የመኪናውን በር ሲከፍትላቸው እንኳ አልለቀቁትም። ሠራተኛው ተበተነ። ሊቁ ወደ ዲፕሎማዎቹ ገባ።

ዳይሬክተሯ ገልባጭን ቢሮዋ ጠራችው። ቆሞ እያየ ደብዳቤውን አወጣች፣ እስክሪብቶዋን ሁለቴ አራገፈች፣ ፈረመች። ፊርማዋ ወረቀቱን ሊቀድ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ገፋ አድርጋ ሰጠችውና ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፅ «እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ።»

«አመስግነህ አትሂድብኝ። ያጠፋኸው ሁሉ መመለስ አለበት። መላጣውም፣ ተማሪውም፣ ሁሉም። ሰውዬው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ነገ በጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትገባና ከሀ ትጀምራለህ።»

ገልባጭ ደብዳቤውን አንዴ አነበበው። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ ደግሞ አነበበው። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ፣ ፊርማው መድረቁን በትንፋሹ አረጋገጠ፣ አራት ቦታ አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ዘጋው። ከዚያ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

«እትዬ፣ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው» አለ። «እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ።»